የምርምር ነርስ ቤት ድረስ ስትመጣ፦ የርቀት የመድኃኒት ሙከራ የቤት ጉብኝት ሲመዘን

አዲስ መድኃኒት በሚሞከርበት ጥናት ውስጥ ለመግባት ሆስፒታል መመላለስ ግድ የነበረበት ጊዜ እያለፈ ነው። በአሜሪካ፣ በተለይ ከ2020 ወዲህ፣ በብዙ ጥናቶች መድኃኒቱ በኩሪየር ቤት ይደርሳል፣ ሐኪሙ በቪዲዮ ይነጋገራል፣ ደም የምትቀዳውና ግፊት የምትለካው የምርምር ነርስ ደግሞ በር አንኳኩታ ትገባለች። እዚህ የምንመዝነው ይህን የቤት ጉብኝት አገልግሎት ነው። የምንመዝነው አንድን ድርጅት ለይተን ሳይሆን አሠራሩን ነው፤ ዓይናችንም ያለው በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ተሳታፊዎች ላይ ነው።

አገልግሎቱን እንመክራለን። ስኳር፣ ደም ግፊት ወይም የመገጣጠሚያ ሕመም ይዟቸው በሁለት አውቶቡስ ሆስፒታል መድረስ ለሚከብዳቸው እናትና አባት ትልቅ እፎይታ ነው። ጥሩውን ጉብኝት ከመጥፎው የሚለዩት ግን ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ነርሷ ሰዓት እንዴት እንደምትይዝና የሚነገራትን እንዴት እንደምትሰማ። ታብሌቱ፣ መተግበሪያውና የሚያምረው ቦርሳ ከዚያ በኋላ የሚመጡ ናቸው።

ተሳታፊው ለጉብኝቱ አይከፍልም፤ ወጪው የስፖንሰሩ፣ ማለትም ጥናቱን የሚያስጠናው ድርጅት፣ ነው። ወደ ሆስፒታል ለመሄድ የሚሰጠው የጉዞ ገንዘብ ግን በቤት ጉብኝት ጊዜ ላይኖር ስለሚችል፣ ከመፈረም በፊት በስምምነት ቅጹ ላይ ስለ ክፍያ የተጻፈውን ማንበብ ይበጃል።

ሥራው የሚጀምረው ነርሷ ከመምጣቷ በፊት ነው። የላብራቶሪው ኪት (የደም መቅጃ ቱቦዎች ያሉበት ካርቶን) አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ ተሳታፊው ቤት ይላካል። ጥሩ ነርስ ከሁለት ቀን በፊት ትደውልና ካርቶኑን አስከፍታ ሁለት ነገር ታስነብባለች፦ የጉብኝቱን ቁጥርና የቱቦዎቹን የአገልግሎት ማብቂያ ቀን። ለሦስተኛው ጉብኝት የተላከ ኪት ለአራተኛው አይሆንም፤ ባርኮዱ ላብራቶሪው ከሚጠብቀው ጋር ስለማይገጥም ናሙናው ደርሶም ሳይመረመር ሊቀር ይችላል። ቀኑ ያለፈበት ቱቦ ደግሞ በውስጡ ያለው የመሳብ ኃይል ስለሚቀንስ ደሙ ሳይሞላ ይቆማል። ይህ ስልክ አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሳይደወል ሲቀር ግን ነርሷ መጥታ ባዶ እጇን የምትመለስበት ቀን ይመጣል።

ቤት ስትገባ መጀመሪያ ማንነት ታረጋግጣለች፤ ሙሉ ስምና የልደት ቀን። እኛ ዘንድ እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። የልደት ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚናገር ሰው «1950» ሲል በፈረንጆቹ 1957 ወይም 1958 ማለቱ ነው። የዕድሜ ገደብ ባለው ጥናት ይህ ልዩነት ሰውን ያስገባል ወይም ያስወጣል። ስለዚህ የልደት ቀን ከመታወቂያ ላይ ይነበባል፣ በቃል አይወሰድም። ከዚያ በኋላ ከቤት በሚወጣ ቱቦም ሆነ ወረቀት ላይ ስም አይጻፍም፤ የጥናቱ ቁጥር ብቻ ነው የሚጻፈው።

ደም ግፊት ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የሐበሻ ቤት ጠባይ የሚገባበት እዚህ ነው። እንግዳ ሲመጣ ቡና ይቆላል፣ ባለቤቱም አብሮ ይጠጣል። ካፌይን ግፊት ይጨምራል። ስለዚህ ከመለካቱ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና፣ ሲጋራና ደረጃ መውጣት መውረድ አይኖርም። ተሳታፊው ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ እግሩን ሳያነባብር መሬት ላይ አሳርፎ፣ ክንዱ በልቡ ልክ ተደግፎ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ዝም ማለቱ የምር ነው፤ እያወሩ የተለካ ግፊት ከፍ ብሎ ይገኛል። ከዚያም ፕሮቶኮሉ (የጥናቱ የአሠራር መመሪያ) እንደሚያዝዘው፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ጊዜ፣ በየመሃሉ አንድ ወይም ሁለት ደቂቃ እየተጠበቀ ይለካል። ሶፋ ላይ ሰጥመው፣ ልጅ እየጮኸ፣ በወፍራም ሹራብ ላይ የተለካ ቁጥር ለጥናቱ አይጠቅምም። የምታውቅ ነርስ «እማማ፣ ቡናውን ከለካን በኋላ አብረን እንጠጣለን» ትላለች፤ እንግድነቱም ቁጥሩም ይተርፋል።

ደም መቅዳቱ ላይ ዋናው የነርሷ ሙያ ይታያል። ላስቲኩ ክንድ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አይቆይም። «ጨብጠህ ልቀቅ፣ ጨብጠህ ልቀቅ» ማሰኘት የለመዱ አሉ፤ ጡንቻው ፖታሲየም ስለሚለቅ ውጤቱ ያለ በሽታ ከፍ ይላል። ቱቦዎቹ የሚሞሉበት ቅደም ተከተል በክዳናቸው ቀለም ይታወቃል፦ መጀመሪያ ሲትሬት ያለበት ሰማያዊ፣ ቀጥሎ ለሴረም (ደም ከረጋ በኋላ ለሚለየው ፈሳሽ) የሚሆነው ቀይ ወይም ወርቃማ፣ ከዚያ ሄፓሪን ያለበት አረንጓዴ፣ ከዚያ ኢዲቲኤ ያለበት ሐምራዊ፣ መጨረሻ ፍሎራይድ ያለበት ግራጫ። ቅደም ተከተሉ የተደነገገው በምክንያት ነው። ሐምራዊው ቀድሞ ከተሞላ በመርፌው ጫፍ ላይ የቀረው ፖታሲየም ኢዲቲኤ ወደ ቀጣዩ ቱቦ ይገባል፤ የፖታሲየሙ ውጤት ይሰቀላል፣ የካልሲየሙ ይወርዳል፣ ጤነኛ ሰው በሐኪሙ ስልክ ሌሊት ይቀሰቀሳል።

ሰማያዊው ቱቦ እስከ ምልክቱ ድረስ መሞላት አለበት፤ ዘጠኝ እጅ ደም ለአንድ እጅ ሲትሬት ነው። በቀጭኑ ባለክንፍ መርፌ ሲቀዳ በላስቲክ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር ቀድሞ ስለሚገባ ሰማያዊው ይጎድላል፤ ስለዚህ መጀመሪያ አንድ ትርፍ ቱቦ ተሞልቶ ይጣላል። እያንዳንዱ ቱቦ ወዲያው ቀስ ብሎ ይገለባበጣል፦ ሰማያዊው 3 ወይም 4 ጊዜ፣ ወርቃማው 5፣ ሐምራዊው ከ8 እስከ 10። እንደ ሽሮፕ ጠርሙስ የተናጠ ቱቦ ውስጥ ቀይ የደም ሴሎች ይሰባበራሉ፤ ሴረሙ ቀላ ይላል፣ ላብራቶሪውም ይመልሰዋል።

ከዚያ ሰዓቱ ይጀምራል። ወርቃማው ቱቦ ቀጥ ብሎ ቆሞ ወደ 30 ደቂቃ ይረጋል። ሳይረጋ ሴንትሪፊውጅ (ቱቦውን አሽከርክሮ ሴረሙን የሚለይ ማሽን) ከገባ በላዩ ላይ ዝልግልግ ክር ይቀራል፤ የላብራቶሪውንም መሣሪያ ይዘጋል። ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይለይ ከቆየ ደግሞ ሴሎቹ ስኳሩን እየበሉት የግሉኮስ ውጤት ይወርዳል። ተሸካሚዋ ሴንትሪፊውጅ ጠረጴዛ ላይ ካልተስተካከለች ወይም ቱቦዎቹ ትይዩና እኩል ክብደት ሆነው ካልተቀመጡ ትንቀጠቀጣለች፤ ለማመጣጠን ውሃ የሞላ ቱቦ ይገባል።

ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል የሚያልፍ ስህተት ደግሞ እዚሁ ላይ አለ። የላብራቶሪው መመሪያ የስበት ኃይሉን በ«ጂ» ይጽፋል፣ ማሽኗ ግን የምታሳየው በደቂቃ ስንት ዙር እንደምትዞር ነው። በደቂቃ 3000 ዙር ብትዞር፣ ከመሃሏ እስከ ቱቦው ጫፍ 10 ሴንቲሜትር የሆነች ማሽን ወደ 1000 ጂ ትሰጣለች፤ 7 ሴንቲሜትር የሆነችው ትንሿ ግን 700 ገደማ ብቻ። የሆስፒታሉን ቁጥር ለቤቷ ማሽን የገለበጠ ሰው ሳይለይ የቀረ ሴረም ይልካል። ከማሽኗ ጋር የተዘጋጀ የመቀየሪያ ሰንጠረዥ በቦርሳው ውስጥ መኖር አለበት፤ ከሌለ አገልግሎት ሰጪው ጉድለት አለበት ማለት ነው።

ጉብኝቱ ታዲያ የሚታቀደው ኩሪየሩ ከሚመጣበት ወደ ኋላ ተቆጥሮ ነው፦ ለማሸግ 20 ደቂቃ፣ ሴንትሪፊውጁን አዘጋጅቶ ለማዞር 15፣ ለመርጋት 30፣ ለመቅዳት 15፣ ለግፊትና ለጥያቄ 40። ሁለት ሰዓት ሞላ። «አንድ ሰዓት ይበቃል» ብሎ ቀጠሮ የሚይዝ አገልግሎት ወይ ሳይረጋ ያዞራል፣ ወይ ኩሪየሩን ያስመልጣል። በክፍል ሙቀት የሚላክ ናሙና ዓርብ ከሰዓት መቀዳቱም አያዋጣም፤ ብዙ ማዕከላዊ ላብራቶሪዎች ቅዳሜና እሑድ አይቀበሉም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የሚመርጥ ቀጠሮ ያዥ ሥራውን ያውቃል።

ማሸጉ ሦስት ድርብ ነው፦ ቱቦው፣ የሚመጥ ጨርቅ ያለበት የማያፈስ ከረጢት፣ ከዚያ ጠንካራ ካርቶን። ካርቶኑ ላይ ዩኤን 3373 የሚል፣ የምርመራ ናሙና መሆኑን የሚያሳይ የአልማዝ ቅርጽ ምልክት ይለጠፋል። በደረቅ በረዶ የሚሄድ ከሆነ የደረቅ በረዶው ምልክት ዩኤን 1845 ከነክብደቱ በኪሎ ይጨመራል። ደረቅ በረዶ ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ነው፣ ወደ ጋዝም ይለወጣል፤ አየር በማይወጣበት ዕቃ ከታሸገ ይፈነዳል፣ መስኮቱ በተዘጋ መኪና ውስጥም ሾፌሩን ያፍናል።

አሁን ወደ ጆሮው ጉዳይ። በአማርኛ ተናጋሪ ቤት ሦስት መልሶች ጥናትን ያበላሻሉ፤ ሦስቱም ከተናጋሪው አንጻር እውነት ናቸው።

የመጀመሪያው «ሁለት ሰዓት» ነው። ነርሷ «እማማ፣ ኪኒኑን ስንት ሰዓት ዋጡ?» ትላለች፣ «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ይባላል። ታብሌቱ ላይ 2:00 ተብሎ ሲገባ ከሌሊቱ ሁለት ሆነ፤ የተባለው ግን በፈረንጆቹ 8:00 ነው። በደም ውስጥ ያለው የመድኃኒት መጠን በሚለካበት ጥናት ይህ የስድስት ሰዓት ልዩነት ነው። ደሙ በ10:00 ቢቀዳ፣ ከዋጡ ሁለት ሰዓት የሆነው ናሙና ስምንት ሰዓት እንደሆነው ተቆጥሮ ይመዘገባል፤ መድኃኒቱ ከሰውነት የሚወጣበት ፍጥነት ተዛብቶ ይሰላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ነርሷ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ወይም ስልካቸውን እያሳየች «መርፌው የት ላይ ነበር?» ብላ ትጠይቃለች። ከሁሉ የሚሻለው ተሳታፊው ኪኒኑን ሲውጥ በስልኩ ፎቶ ቢያነሳ ነው፤ ፎቶው ሰዓቱን ይይዛል።

ሁለተኛው «ጾም ነኝ» ነው። ለደም ምርመራ መጾም ማለት ከ8 እስከ 12 ሰዓታት ለሚደርስ ጊዜ ከውሃ በቀር ምንም አለመቅመስ ነው። ኦርቶዶክሱ ግን በሑዳዴ «ጾም ነኝ» ሲል ሥጋና ወተት አልበላሁም ማለቱ ሊሆን ይችላል፤ ጠዋት ሽሮ በልቶ ይሆናል። ወይም በተቃራኒው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀመሰም፤ በረመዳንም ቀን የጾመ ሙስሊም እንዲሁ። ውሃ ያልጠጣ ሰው ደም ስሩ ይጠፋል፣ የኩላሊት ምርመራውም ከፍ ብሎ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጥያቄው «ጾመዋል ወይ?» መሆን የለበትም። «መጨረሻ የቀመሱት ምንድን ነው? ስንት ሰዓት? ውሃስ?» ነው። የአጽዋማት ቀንም ከቀጠሮ በፊት ይጠየቃል፤ መድኃኒቱ ከምግብ ጋር የሚወሰድ ከሆነ ጉዳዩ ለተመራማሪው ሐኪም ይቀርባል፣ ነርሷ በራሷ ሰዓት አትቀይርም።

ሦስተኛው «ተመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው። ይህ ሰላምታ ነው፤ የጎንዮሽ ጉዳት የለም ማለት አይደለም። ሰላምታው ሲያልቅ ሥራው ይጀምራል፦ «እንቅልፍስ? ሆድስ? ሌሊት ስንት ጊዜ ይነሳሉ? ባለፈው ከመጣሁ ወዲህ ሐኪም ዘንድ ሄደዋል?» እየተባለ ይጠየቃል። ቃላትም ይመረመራሉ። «ልቤን ያቃጥለኛል» ያለች ሴት ብዙ ጊዜ የምትናገረው ስለ ጨጓራዋ ነው። የደረት ሕመም ተብሎ ከተጻፈ ግን የልብ ምርመራ ይታዘዛል፣ መድኃኒቱም ይቆማል። «በጣትዎ ያሳዩኝ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ይህን ያድናል። በተቃራኒውም ይሠራል፤ እውነተኛ የልብ ሕመም «ጨጓራ ነው» ተብሎ እንዳይታለፍ።

የቤት ጉብኝት ከሆስፒታሉ የሚበልጥበት አንድ ቦታ ካለ ይህ ነው፦ ነርሷ ቤቱን ታያለች። ከሀገር ቤት በሻንጣ የመጣ አንቲባዮቲክ፣ ከእህት የተካፈሉት የግፊት ኪኒን፣ ጥቁር አዝሙድ በማር፣ ዳማከሴ፣ ሁሉም ይመዘገባል። ሆስፒታል ውስጥ «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?» ሲባል «የለም» ይባላል፤ እነዚህ በተናጋሪው ዘንድ እንደ መድኃኒት አይቆጠሩምና። የኪኒን ቆጠራም እዚያው ይሠራል። 60 ኪኒን ተሰጥቶ፣ በቀን ሁለት ሆኖ ለ28 ቀን፣ 56 መዋጥ ነበረበት። ጠርሙሱ ውስጥ 12 ካለ የተዋጠው 48 ነው፣ 86 በመቶ ገደማ። ምክንያቱ ያለ ቁጣ ይጠየቃል፤ የተቆጣ ነርስ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያገኘው ቀድሞ የተጣለ ኪኒንና ውሸት ነው።

በፍሪጅ የሚቀመጥ መድኃኒት ሲመጣ ከካርቶኑ ጋር የሙቀት መመዝገቢያ አለ። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውጭ ወጥቶ ከተገኘ ነርሷ አትሰጥም፣ አትጥልም። «አይነካ» ብላ ለይታ ታስቀምጥና ለጥናቱ ትደውላለች። መርፌ ወይም በደም ስር የሚገባ መድኃኒት ቤት ውስጥ ሲሰጥ ለድንገተኛ አለርጂ የሚሰጠው አድሬናሊን እጇ በሚደርስበት ቦታ መኖር አለበት፣ በፕሮቶኮሉ የተጻፈውም የክትትል ጊዜ ሳያልቅ አትወጣም። ይህን ሊያሟላ ያልቻለ አገልግሎት መርፌውን ሆስፒታል ይስጥ፤ በዚህ ላይ መለሳለስ የለም።

ነርሷ የማትሠራውም ነገር አለ። የጎንዮሽ ጉዳቱ ከመድኃኒቱ የመጣ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን አትፈርድም፤ እሱ የተመራማሪው ሐኪም ነው። ከባድ ጉዳት ከሆነ ግን ጊዜ ሳታጠፋ ትነግረዋለች፤ ብዙ ፕሮቶኮሎች ለስፖንሰሩ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲደርስ ያዝዛሉ። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ በመስከረም 2024 በፈረንጆች ባወጣው መመሪያ ሥራው ከሆስፒታል ውጭ ቢሠራም ኃላፊነቱ ከዋናው ተመራማሪ እንደማይወርድ አስቀምጧል። በተግባር ሲታይ፣ ጉብኝቱ መካከል ነርሷ የምትደውልለት ሐኪም ስልክ ካላነሳ አገልግሎቱ ጎድሏል። ፈቃዷም ይታያል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የነርሶች የጋራ ፈቃድ ስምምነት ውስጥ ስላሉ በአንዱ የምትኖር ባለ ብዙ ግዛት ፈቃድ ነርስ በሌላው መሥራት ትችላለች፤ ካሊፎርኒያ ግን ስምምነቱ ውስጥ የለችም።

ትልቁ ቅሬታችን የቋንቋ ነው። ብዙ ጥናቶች መጠይቃቸውን በአማርኛ አላዘጋጁም። በአካባቢው ሐበሻ ነርስ ብዙ ስለሆነ «እርሷ እያነበበች ትተርጉም» የሚል አቋራጭ ይመጣል። ይህ አይሆንም። በእንግሊዝኛ ለየብቻ የሚጠየቁት መድከምና አቅም ማጣት በአማርኛ ቤት ውስጥ ሁለቱም «ድካም» ሊሆኑ ይችላሉ፤ ዛሬ አንዷ፣ ነገ ሌላዋ ነርስ በየራሷ ቃል ብትተረጉም ውጤቱ የሚለካው የነርሶቹን አማርኛ ነው። መጠይቁ በሥርዓት ተተርጉሞ መፈተሽ አለበት። ልጅን አስተርጓሚ ማድረግም እንዲሁ አይበጅም፤ እናት በልጇ ፊት ስለ ሽንቷ አትናገርም። ለስምምነቱ ደግሞ ሕጉ መንገድ አበጅቷል፦ በተሳታፊው ቋንቋ የተጻፈ አጭር ቅጽ፣ በቃል የሚሰጥ ሙሉ ማብራሪያና ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ምስክር። ምርጡ ግን ሙሉ ቅጹ በአማርኛ መሆኑ ነው።

በመንገዳችን አንድ ነገር እናንሳ። በመጀመሪያው የደም ምርመራ «ነጭ ሴልዎ ዝቅ ብሏል» ተብለው ከጥናቱ የሚወጡ ኢትዮጵያውያን አሉ። ደፊ-ነል የሚባለው የደም ዓይነት ባላቸው ሰዎች ዘንድ ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ ሴል ዓይነት ቁጥር ያለ ምንም በሽታ ዝቅ ይላል። ነርሷ ልትወስን አትችልም፤ ነገር ግን የቀድሞ ውጤቶችን ጠይቃ ለሐኪሙ ማያያዝ ትችላለች፣ ይገባታልም።

ሁሉም ጥናት ነርስ ቤት መላክ አያስፈልገውም። በ2021 ውጤቱ የወጣው አዳፕተብል የተባለው የአስፒሪን ጥናት 15,076 ሰዎችን በኢንተርኔትና በሕክምና መዝገብ ተከታትሏል፤ መለኪያው ሞት፣ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ ስለሆነ ይህ ይበቃል። ሆኖም 325 ሚሊግራም እንዲወስዱ ከተመደቡት ከአሥር አራት የሚሆኑት መጠኑን ቀይረዋል። ከዚያ ቀደም ብሎ ፋይዘር በ2011 የጀመረው፣ ሁሉ ነገር በኢንተርኔት ብቻ የሆነው የፊኛ መድኃኒት ሙከራ ደግሞ በቂ ተሳታፊ አጥቶ ቆሟል። ደም፣ ግፊት፣ መርፌ ወይም የሰዓት ጉዳይ ባለበት ጥናት ግን ሰው መላክ አማራጭ የለውም።

ከመፈረምዎ በፊት አስተባባሪውን ይጠይቁ፦ ነርሷ በዚህ ፕሮቶኮል ሠልጥናለች ወይስ የኤጀንሲ ተረኛ ናት? ደሙ ካልተገኘ ስንት ጊዜ ትሞክራለች? ብዙ ቦታ ከሁለት ሙከራ በኋላ ይቆማል፤ መልሱ «እስኪገኝ» ከሆነ አይስማሙ። ማቋረጥ ብፈልግ ለማን ነው የምነግረው? ያገለገለው መርፌ የሚጣልበትን ሴፍቲ ቦክስ ማን ይወስዳል? በሚቀጥለውስ ጉብኝት እርሷው ናት የምትመጣው? ለመጨረሻው «አዎ» የሚል አገልግሎት ካገኙ፣ ስሟንና የምትደውልበትን ቁጥር ፍሪጁ ላይ ይለጥፉ።